ለሐረር ከተማ የአረንጓዴ ቦታ ሥራ የሚታዘዘው የብስባሽ ማዳበሪያ መጠን አወሳሰን

በሐረር ከተማ የክረምቱ የችግኝ ተከላ ሲቃረብ ከሥራ ክፍል ወደ ግዥ ክፍል የሚተላለፈው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ በኩንታል የተጻፈ አንድ ክብ ቁጥር ነው፤ መቶ ኩንታል፣ ሁለት መቶ ኩንታል። ቁጥሩ ከየትኛው መሬት ስፋትና ከየትኛው ጥልቀት እንደ ተገኘ በማስታወሻው ላይ አይገለጽም። የአምናው ግዥ በቅቶ እንደ ሆነ ያንኑ መድገም፣ ጎድሎ እንደ ሆነ ጥቂት መጨመር የተለመደ ነው። ለሲሚንቶና ለብረት እንዲህ ያለ አሠራር ተቀባይነት የለውም። ብስባሽ ማዳበሪያ፣ በተለምዶ ኮምፖስት የሚባለው፣ ከቆሻሻ የሚገኝ ርካሽ ነገር ተደርጎ ስለሚታይ ግን ልኬቱ በግምት ይታለፋል።

ነገሩ ርካሽ አይደለም። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ግድም በሚደርስ ከፍታ ላይ የተመሠረተች፣ ዙሪያዋን በማሽላ፣ በጫትና በቡና ማሳ የተከበበች ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ አብዛኛው ከአንድ ሄክታር በታች የሆነ መሬት ያርሳል። በዚያ ማሳ ላይ የሚገኘው ተረፈ ምርት ሁሉ ባለቤት አለው። የማሽላው አገዳ ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል፤ የሐረርጌ ሰንጋ በደጅ ታስሮ የሚደልበው በዚሁ አገዳና ከማሳው ላይ እየታጨደ በሚሰጠው ቅጠል ነው። እበቱም ቢሆን ወይ ወደ ማሳው ይመለሳል፣ ወይ ኩበት ሆኖ ይነድዳል። የቡናው ገለባና ቅጠል እንኳ ተፈልቶ ይጠጣል። ስለዚህ ለከተማ አበባ መደብ ተብሎ ከገጠር በመኪና ተጭኖ የሚመጣ ፍግ ወይም ብስባሽ ከአንድ ሰው ማሳ የተወሰደ መሆኑን ትእዛዙን የሚጽፈው ሠራተኛ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

የመጠኑን ክብደት ለመረዳት አንድ ንጽጽር ይበቃል። ለእህል ማሳ በሄክታር ከ5 እስከ 10 ቶን የሚደርስ ብስባሽ መጨመር በግብርና ባለሙያዎች ዘንድ በብዛት የሚመከር ነው። በከተማ አትክልት ሥራ ግን መሬቱን 5 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብስባሽ ሸፍኖ ከአፈሩ ጋር መቆፈር የተለመደ መመሪያ ነው። ይህ አነስተኛ የሚመስለው ውፍረት በሄክታር ሲሰላ 500 ሜትር ኩብ፣ በክብደት ደግሞ 300 ቶን ያህል ይሆናል። የከተማው አበባ መደብ ከማሽላው ማሳ ከ30 እስከ 60 እጥፍ ይወስዳል ማለት ነው። በ1977 ዓ.ም. ወይም በ2008 ዓ.ም. እንደ ነበሩት ባሉ የድርቅ ዓመታት ይህ ልዩነት የሒሳብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ እርጥበት የሚይዝ አፈር ያለው ገበሬ በአጭር ዝናብ ጥቂትም ቢሆን ያመርታል፣ የሌለው ግን ወደ እርዳታ ማከፋፈያ ጣቢያ ይሄዳል።

የሒሳቡ መነሻ ቀላል ነው። የሚሸፈነው መሬት ስፋት በካሬ ሜትር ይለካና በሚፈለገው ውፍረት ይባዛል፤ ውፍረቱም በሜትር ይጻፋል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ማለት 0.05 ነው። የሚገኘው ውጤት ሜትር ኩብ ነው። ችግሩ የሚፈጠረው ከማባዛቱ ላይ ሳይሆን የትኛው መሬት ይለካ ከሚለው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በግንቡና በመንገዱ መካከል የሚገኝ 120 ሜትር ርዝመትና 6 ሜትር ስፋት ያለው ቦታ እንዲለማ ታስቦ እንደ ሆነ፣ ስፋቱ 720 ካሬ ሜትር ነው። በ0.05 ሲባዛ 36 ሜትር ኩብ ይወጣል። ብዙዎች ትእዛዙን የሚጽፉት እዚህ ላይ ነው። ነገር ግን ግንቡ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ፣ 48 ሄክታር የሚያህለውን አሮጌ ከተማ የሚከብና በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ከጀጎል ጋር የተመዘገበ ነው። ከድንጋይና ከጭቃ በተሠራ ግንብ ሥር ጉድጓድ መቆፈር፣ ውኃ ማጠጣትና ሥር የሚሰድድ ዛፍ መትከል መሠረቱን ያናጋል። ርቀቱን የሚወስነው የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ነው፤ ሁለት ሜትር እንዲተው ቢወሰን የሚለማው መሬት ወደ 480 ካሬ ሜትር፣ ብስባሹም ወደ 24 ሜትር ኩብ ይወርዳል። አንድ ሦስተኛው ትእዛዝ ሜትር በመዘርጋት ብቻ ቀረ።

ከዚህም በላይ መቀነስ ይቻላል። በ480 ካሬ ሜትሩ ላይ ሁለት ረድፍ የዛፍና የቁጥቋጦ ችግኝ በየሁለት ሜትሩ የሚተከል ከሆነ ችግኙ 120 ይሆናል። ችግኝ የሚፈልገው በጉድጓዱ ውስጥ ያለውን አፈር ማሻሻል እንጂ በመካከሉ ያለውን ባዶ መሬት ማዳበር አይደለም። ወርዱ፣ ቁመቱና ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጉድጓድ 0.216 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል። አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር ቢደባለቅ ለአንድ ጉድጓድ 0.054 ሜትር ኩብ፣ ማለትም በ20 ሊትር ባልዲ ሦስት ባልዲ የማይሞላ ይበቃዋል። ለ120ው ጉድጓድ 6.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። በመካከሉ 90 ካሬ ሜትር የአበባ መደብ ቢኖርና እርሱ ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ቢለብስ 4.5 ሜትር ኩብ ይጨመራል። ድምሩ 11 ሜትር ኩብ ነው። መጀመሪያ ከተባለው 36 ጋር ሲነጻጸር ከሲሶው ያነሰ መሆኑን ልብ ይሏል።

ጉድጓዱን በብስባሽ ብቻ መሙላት ለችግኙ የተደረገ ደግነት የሚመስላቸው አሉ። ውጤቱ ግን ተቃራኒ ነው። ብስባሹ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ እየፈረሰ ስለሚሰምጥ ችግኙ አብሮ ይሰምጣል፣ አንገቱም ውኃ በሚቋጥር ጎድጓዳ ውስጥ ይቀራል። ሥሩም ከለመደው ለስላሳ ነገር ወጥቶ ወደ ጠንካራው አፈር ለመግባት ይዘገያል። እንደ ወይራና ግራር ያሉ የአገሩን መሬት የሚያውቁ ዛፎች ከተጠቀሰው ባነሰም ያድጋሉ። የአበባ መደብ ግን በየዓመቱ ስለሚታደስ ብስባሹን በእርግጥ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ መደቡን ማስፋት ማለት ለከርሞም ለዚያኛውም ዓመት ትእዛዝ መፈረም ማለት ነው።

በተገኘው 11 ሜትር ኩብ ላይ ለመርገጥ፣ በጭነት ላይ ለመጠቅጠቅና ለብክነት 20 በመቶ ይጨመራል፤ 13.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ከዚህ የበለጠ መጠባበቂያ መጨመር ተገቢ አይደለም። የተረፈው ክምር ክረምቱን በጎርፍ ታጥቦ የሚያልቅ ነውና።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለኪያ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ በብዛት የሚጠፋውም እዚሁ ላይ ነው። የተጠናቀቀና በመጠኑ የረጠበ ብስባሽ በሜትር ኩብ ከ5 እስከ 7 ኩንታል ይመዝናል፤ ለስሌት 6 ኩንታል መያዝ ይቻላል። 13.2 ሜትር ኩብ እንግዲህ ወደ 80 ኩንታል ነው። ሆኖም በዝናብ የተመታ ወይም ሆን ተብሎ ውኃ የተረጨበት ብስባሽ በሜትር ኩብ 8 ኩንታል ሊደርስ ይችላል። ትእዛዙ «80 ኩንታል» ብሎ ከተጻፈ አቅራቢው 80 ኩንታል መዝኖ ቢያስረክብ አላጎደለም፤ የደረሰው ግን 10 ሜትር ኩብ ብቻ ነው። የጎደለው 3.2 ሜትር ኩብ ለ59 ጉድጓድ የሚበቃ ነበር፤ ከታቀደው ችግኝ ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። ለውኃው ዋጋ ተከፍሏል፣ ውኃውም በማግሥቱ ተንኗል። በዚህ ምክንያት ውሉ በሜትር ኩብ መጻፍ አለበት። ኩንታል የሚጠቀስ ከሆነም ለመኪናው የመጫን አቅም ብቻ ይሁን።

«ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ራሱ ሌላ መደናገር ያመጣል። በከተማው አነጋገር ማዳበሪያ ማለት አፈር የሚያዳብረው ነገር ብቻ ሳይሆን የሚታሸግበት ጆንያም ነው። «መቶ ማዳበሪያ ብስባሽ» የሚል ማስታወሻ የትኛውን ጆንያ እንደሚል አይታወቅም። 50 ኪሎ እህል የሚይዘው 65 ሊትር ያህል፣ መቶ ኪሎ የሚይዘው 130 ሊትር ያህል ይይዛል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት እጥፍ ነው። በትንሹ ጆንያ ሲለካ አንድ ሜትር ኩብ 15 ጆንያ ይሆናል።

«ቢያጆ» የሚለውም እንዲሁ ነው። በግንባታ ሥራ አሸዋና ጠጠር በቢያጆ መግዛት የለመደ ሰው ብስባሹንም በዚያው ይጠይቃል፤ ነገር ግን ቢያጆ የመኪናው መጠን እንጂ የዕቃው መጠን አይደለም። ከመራገፉ በፊት የመኪናው ሣጥን ርዝመት፣ ወርድና የጭነቱ ከፍታ ይለካ። 4 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሣጥን አንድ ሜትር ከፍታ ቢጫን 8 ሜትር ኩብ ነው፤ ለምሳሌያችን ሥራ ሁለት ምልልስ ይበቃል፣ ሁለተኛው ሙሉ አይሆንም። መሃሉ እንደ ኮረብታ ተቆልሎ ዳርና ዳሩ የጎደለ ጭነት ከቆሙበት ሲያዩት የሞላ ይመስላል። ስለሆነም ከመለካቱ በፊት በአካፋ ማስተካከል ያስፈልጋል። በቦታው ላይ ለማከፋፈል ደግሞ ለኮንክሪት የሚያገለግለው፣ ውስጡ 50 በ40 በ20 ሳንቲ ሜትር የሆነው የእንጨት ሣጥን ተስማሚ ነው። ሃያ አምስት ሣጥን አንድ ሜትር ኩብ ይሞላል፤ ለመቁጠርም ለመመስከርም ያመቻል።

ሥራው በጀጎል ውስጥ ሲሆን አንድ ነገር ይጨመራል። የአሮጌው ከተማ መተላለፊያዎች ጠባብና ዳገት የበዛባቸው ስለሆኑ መኪናው ከበሩ አልፎ ብዙም አይዘልቅም። ጭነቱ በበሩ አጠገብ ተራግፎ በአህያ ወይም በሰው ሸክም ይገባል። ለውስጥ ግቢዎችና አነስተኛ አደባባዮች 3 ሜትር ኩብ ቢያስፈልግ በትንሹ ጆንያ 45 ይሆናል፤ እያንዳንዱ 40 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን አንድ አህያ ሁለት ሁለት እየጫነች 23 ጊዜ ትመላለሳለች። ይህ የማጓጓዣ ወጪ በትእዛዙ ላይ ካልተጻፈ ብስባሹ በበሩ ላይ ሳምንት ይቀመጣል። በሐረር ደግሞ ሌሊት የሚቀመጥ ክምር እንግዳ አያጣም። ጅቦች በግንቡ ቀዳዳዎች ወደ ከተማው እየገቡ የወደቀ ምግብ መልቀም ልማዳቸው ነው። አጥንትና የሥጋ ትርፍ የተቀላቀለበት፣ በሚገባ ያልበሰበሰ ክምር እስኪነጋ ይበተናል፤ እንዲህ ያለው ብስባሽ የተጨመረበት ጉድጓድም ከነችግኙ ይማሳል።

ይህን ያህል ብስባሽ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ከገበሬው ማሳ ውጭ መልስ አለው። ከተማው ራሱ በየቀኑ የሚያወጣው ብዙ ነገር ነው። ከሁሉ የሚልቀው የጫት ገራባ ነው፤ ከየገበያውና ከየቤቱ የሚጣለው ግንድና ቅጠል ለብስባሽ ሥራ የሚመች ጥሬ ዕቃ ነው። ግንዱ ግን በአጭር በአጭሩ ካልተቆረጠ ይዘገያል። በጫት ላይ ፀረ ተባይ መድኃኒት የሚረጭ በመሆኑም ከገራባ የተሠራ ብስባሽ ለአበባና ለዛፍ እንጂ ለጓሮ አትክልት አለመዋሉ ይመረጣል። የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የአትክልት ተራ ትርፍ፣ ጥቂት አመድና በከተማው ዳር ካሉ ከብት አድላቢዎች የሚገኝ ትርፍ ፍግ ይጨመርበታል። ፕላስቲክ ከመነሻው መለየት ይኖርበታል፤ ከበሰበሰ በኋላ የመልቀሙ ሥራ ከመሥራቱ ይብሳል። በቅርብ ያለችው ድሬዳዋ ከደረቅ ቆሻሻ ብስባሽ ለማምረት በተቋቋመው ብሔራዊ ፕሮጀክት ውስጥ ከተካተቱት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ የሐረር ባለሙያዎች ከዚያ የሚቀስሙት ልምድ አለ።

ጥሬው ዕቃ ሲበሰብስ መጠኑ ወደ ግማሽ፣ አንዳንዴም ወደ ሲሶ ይወርዳል። 13 ሜትር ኩብ ለማግኘት ከ26 እስከ 39 ሜትር ኩብ ጥሬ ዕቃ መሰብሰብ አለበት። በየጊዜው እየተገለበጠና እርጥበቱ እየተጠበቀ በሐረር የአየር ጠባይ ከሦስት እስከ አራት ወር ይፈጃል። ተከላው በሐምሌ ከሆነ ክምሩ ከየካቲት ባይዘገይ ይሻላል። እዚህ ላይ የበጀት ዓመቱ ሥርዓት ከተፈጥሮው ሥርዓት ጋር ይጋጫል። አዲሱ በጀት ሐምሌ 1 ቀን ይከፈታል፤ አሮጌው በሰኔ መጨረሻ ይዘጋል። በሐምሌ በተከፈተ በጀት የሚጀመር ግዥ ጨረታው አልቆ ብስባሹ ሲደርስ መስከረም ይጠባል፣ ዝናቡም ይሸሻል። በሰኔ ቀሪ ገንዘብ ለማሟጠጥ የሚደረገው ግዥ ደግሞ ያልበሰለውንም የረጠበውንም ሳይመርጥ ይረከባል። ተገቢው ጊዜ ጥር ነው። በጥር የተለካ መሬት፣ በየካቲት የተጀመረ ክምር ወይም የተፈረመ ውል፣ በሰኔ አጋማሽ ከቦታው ላይ የደረሰ ብስባሽ ሐምሌን ይቀበላል።

ይህ መዘግየት የሚጎዳው ችግኙን ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ሐረርን ጨምሮ በ11 ከተሞች በተጀመረው የከተሞች ልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም የአካባቢ ማስዋብና የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ ለዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ከተከፈቱት የሥራ መስኮች መካከል ነበሩ። በእንዲህ ያለ ሥራ ዕቃ በሰዓቱ ካልደረሰ ሠራተኛው አካፋውን ይዞ ይቆማል፤ ቀኑ ቢከፈለው ሥራው አልተሠራም፣ ባይከፈለው ቤቱ ጎድሏል። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በነበረበት ዘመን በምግብ ለሥራ የሚሠራው እርከን በሥራ ቀን ተተምኖ፣ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ ግራም እህልና 120 ግራም ዘይት ይታሰብ ነበር። የሚቆፈረው እርከን በሜትር፣ የሚታደለው እህል በኪሎ ይታወቅ ነበርና ጉድለቱም ወዲያው ይታይ ነበር። የብስባሽ ሥራ እስካሁን እንዲህ ያለ መተመኛ አላገኘም። አንድ ሠራተኛ በቀን ስንት ጉድጓድ እንደሚሞላ በየቦታው ተመዝግቦ ቢያዝ የከርሞው ትእዛዝ ከግምት ይወጣ ነበር።

ውኃም በትእዛዙ ውስጥ መታሰብ አለበት። ሐረር ለረጅም ዓመታት ትጠጣበት የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲደርቅ ነዋሪው በጀሪካን ተሰልፎ ያሳለፈው ጊዜ የሚረሳ አይደለም። ከዚያ ወዲህ ውኃ ከድሬዳዋ አቅጣጫ በረጅም ቧንቧ ተስቦ እንዲመጣ ሆኗል፤ ሐይቁም በቅርብ ዓመታት ውኃ መልሶ መያዝ ጀምሯል። ቢሆንም ወደ ዳገት ተገፍቶ የሚመጣ ውኃ ለአበባ የሚትረፈረፍ አይደለም። ብስባሽ በዚህ ረገድ የሚሰጠው ጥቅም ከምግብነቱ ይበልጣል፤ እርጥበት ይዞ ያቆያልና። ይኸው ጥቅም የሚገኘው ግን በሥሩ አካባቢ ሲሆን ነው። የተገዛው ጥቂት ከሆነ በሰፊው መሬት ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር አድርጎ ከመበተን ይልቅ የሚለማውን ቦታ አሳንሶ በቂውን ማድረግ ይሻላል። ስስ ሆኖ የተበተነው በፀሐይ ደርቆ በነፋስ ይሄዳል። የላዩን አፈር ከፀሐይ ለመከለል በሚገባ የበሰበሰ ብስባሽ ማባከን አያስፈልግም፤ የተከተፈ ገራባ ወይም ደረቅ ሣር በችግኙ ዙሪያ ግንዱን ሳይነካ ቢነጠፍ ይበቃል።

በመልሶ ማቋቋም ጣቢያዎች ለቤተሰብ የጓሮ አትክልት የሚደረገው ስሌት በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱ መደቡ ትንሽ መሆኑ ነው። 10 ካሬ ሜትር መደብ በ3 ሳንቲ ሜትር ሲለብስ 0.3 ሜትር ኩብ፣ በትንሹ ጆንያ አራት ተኩል ይሆናል። ይህን አንድ ቤተሰብ ከራሱ ትርፍ በሁለት ክረምት መካከል ሊሠራው ስለሚችል በግዥ ማቅረብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የመጀመሪያው ጉድጓድ ሲቆፈር አጠገቡ ቆሞ የሚያሳይ ሰው ነው።

ብስባሹ ሲደርስ ርክክቡ የሚፈጸመው በቀን ብርሃን፣ ሥራውን የሚመራው ባለሙያ ባለበት ይሁን። ከጭነቱ መካከል በእጅ ተዘግኖ ሲጨመቅ ውኃ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ረጥቧል፤ እንደ ዱቄት የሚበተን ከሆነም ደርቋል፣ ሳይረጥብ ከአፈር አይዋሐድም። ሽታው ዝናብ እንደ መታው የጫካ አፈር መሆን አለበት፤ የሽንት ወይም የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ካለው አልበሰለም። እንጨት በክምሩ መሃል ተሰክቶ ቆይቶ ሲወጣ ትኩስ ከሆነ ገና እየሠራ ነው፣ የችግኝ ሥርም ያቃጥላል። ጥርጣሬ ካለ ጥቂት የስንዴ ወይም የማሽላ ዘር በቆርቆሮ ተዘርቶ ሳምንት ይጠበቅ፤ በመልካም ከበቀለ ክምሩ ይረከባል። ካልበቀለ በአቅራቢው ወጪ ተገልብጦ ለሦስት ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያም እንደ ገና በሣጥን ይለካ፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ መጠኑ ቀንሶ ይገኛልና ክፍያው በሁለተኛው ልክ ይፈጸማል።